ከጾሙ ወደ ኋላ ቆጥሮ መዝራት፦ በመሃል አዲስ አበባ የጓሮ አትክልትን ከወቅቱና ከድስቱ ጋር ማስማማት

የጓሮ አትክልት ለመጀመር የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «አሁን ምን ልዝራ?» ብሎ ነው። በፊት በአራት ኪሎ አካባቢ በነበረን ጠባብ ግቢ፣ አሁን ደግሞ በልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጎመንና ቆስጣ ሳበቅል ከቆየሁ በኋላ የተረዳሁት ግን ጥያቄው ከማዕድ መጀመር እንዳለበት ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በየትኛው ወር ምን እንደሚበላ ነው፤ የሚዘራበት ቀን ከዚያ በኋላ በቆጠራ ይገኛል። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ቅጠላ ቅጠል በብዛት የሚፈለገው በጾም ወራት ስለሆነ፣ ጾሙ የሚገባበትን ቀን ይዞ፣ አትክልቱ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥሮ መዝራት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። በጀመርኩበት ዓመት አንድ እሽግ ሙሉ የጎመን ዘር ሰኔ ላይ በአንድ ቀን ዘራሁ። ክረምቱ ስለተመቸው መስከረም ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ደረሰ፤ በልተን አልጨርስ ስላልን ለጎረቤት አደልኩት፣ የተረፈውም ቢጫ ሆነ። ጾመ ነቢያት በገባበት ሰሞን ግንዱ ጠንክሮ፣ ቅጠሉ አንሶና መሮ ስለነበር ጾሙን በሙሉ ከጉሊት በመደብ እየገዛሁ አሳለፍኩት። ዘሩም አፈሩም ጥፋት አልነበረባቸውም፤ ያጎደልኩት ቆጠራውን ነው።

የቀን ቆጠራው

መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ በዘር እሽግ ላይ የሚጻፈው የመድረሻ ቀንም ብዙውን ጊዜ ለሞቃት ቦታ የተሰላ በመሆኑ እዚህ ይረዝማል። የሐበሻ ጎመን ከተዘራበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው ቅጠል እስኪቀነጠስ 75 ቀን ያህል ይፈጃል ብዬ እቆጥራለሁ። ከዚህ ውስጥ 35ቱን ቀን በችግኝነት፣ 40ውን ደግሞ ተዛውሮ በተተከለበት ዕቃ ውስጥ ያሳልፋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከዚያ ቀን 75 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጳጉሜን ላይ ይደረሳል፤ ስለዚህ ለዚህ ጾም የታሰበው ጎመን በነሐሴ ማብቂያና በጳጉሜን መካከል መዘራት አለበት ማለት ነው። ችግኙ የሚዛወረው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ከባዱ ዝናብ ሲያባራ ስለሚሆን ጊዜው ራሱ ይረዳል።

የሁዳዴ መግቢያ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ሆኖም ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ኅዳር 15 ቀን የተዘራ ጎመን 75 ቀኑን የሚሞላው ጥር 30 ቀን ነው። እንግዲህ ለነቢያት ጾም የመጀመሪያው ቅጠል በሚቀነጠስበት ዕለት ለሁዳዴ የሚሆነው ዘር ይዘራል። ይህን ግጥጥሞሽ ካስተዋልኩ ወዲህ ቀኑ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ ደግሞ ዘሩ ግንቦት 15 ቀን አካባቢ ሊዘራ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚዘራው ግን ሰማዩ በጠራ ሌሊት በሚወርደው ብርድ ምክንያት እስከ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ሁዳዴ የካቲት መጀመሪያ ላይ በሚገባበት ዓመት ዘሩን ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ መዝራት ይሻላል።

በረመዳን ለሚጾም ቤተሰብም ቆጠራው ያው ነው። ልዩነቱ ረመዳን በጨረቃ የሚቆጠር በመሆኑ በእኛ ዘመን አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ መምጣቱ ነው፤ ለማፍጠሪያ የሚፈለገው ሰላጣና ድንብላል የሚዘራበት ቀንም አብሮት ይቀድማል።

ቆስጣና ሰላጣ ከ50 እስከ 60 ቀን፣ ቀይ ስር ከ70 እስከ 80 ቀን ይበቃቸዋል። ካሮት ታጋሽ ይፈልጋል፤ በመስቀል ሰሞን የተዘራው 100 ቀን ያህል ቆይቶ ለገና ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርት በሰኔ ፍልቃቂው ተለይቶ፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይተከልና ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ሲደርቅ፣ ኅዳር ገደማ ይነቀላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ልማድ መያዝ ያስፈልጋል፤ ዘርን በአንድ ቀን አለመጨረስ ነው። ከቆጠራው ቀን ጀምሮ በየ15 ቀኑ በሁለት ጣት የሚያዝ ያህል ብቻ ቢዘራ፣ የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ይተካል፤ ማሰሮውም ባዶ አይሆንም፣ ቅጠሉም አይባክንም።

ፀሐይዋን መከተል

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ «የእኔ በረንዳ ፀሐይ የለውም» ይላል። ይህን ከማለቱ በፊት በታኅሣሥም በሰኔም ማየት አለበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ አልፋ ወዲያና ወዲህ ታዘነብላለች። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ስለምትጋደል ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገ በረንዳ ቀኑን ሙሉ ያገኛታል፤ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ ግን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ያው በረንዳ ጥላ ይሆንና ወደ ሰሜን የሚያየው ተራ ይደርሰዋል። የእኔ በረንዳ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ነው፤ የጠዋቱን ፀሐይ እስከ አራትና አምስት ሰዓት ያገኛል፣ ይህም ለቅጠል በቂ ነው። በጠቅላላው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቀን አራት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካገኙ ይበቅላሉ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ከስድስት ሰዓት ያላነሰ ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ቅጠላቸው ያምራል እንጂ ፍሬ አይሰጡም።

ዕቃውና አፈሩ

ለዚህ ሥራ ውድ ማሰሮ መግዛት አያስፈልግም። 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ የዘይት ጀሪካን በጎኑ ተከፍቶ ሲተኛ ለሰላጣና ለቆስጣ፣ አፉ ተቆርጦ ሲቆም ደግሞ ለጎመንና ለካሮት ይሆናል። በከተማችን «ማዳበሪያ» የምንለው ባዶ ጆንያም አፉ ወደ ውጭ ተጠቅልሎ ለድንች እጅግ ይስማማል። ከታች ቢያንስ አምስት ቀዳዳ ይኑረው፤ ውሃ የሚያቁር ዕቃ በክረምት ሥርን ያበሰብሳል። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበትን ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አልጠቀምበትም። እርጥብ አፈር የሞላ አንድ ጀሪካን እስከ 30 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል በረንዳ ላይ ዕቃዎቹን በግድግዳው ሥር መደርደር ይሻላል፤ በመከታው ጫፍ ላይ መስቀል አደገኛ ነው።

ስለ አፈር ብዙ ሰው ቸል ይላል። የከተማችን ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ይለቆጣል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ ቀዩ አፈር ደግሞ ዕቃ ውስጥ ሲገባ በሁለት ወር ይጠቀጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ በጣት ሲነካ ደግሞ ፈርሶ የሚበተን ከሆነ ድብልቁ ትክክል ነው። ፍግ የሚጨመር ከሆነ ቢያንስ አራት ወር ተቆልሎ የከረመ ይሁን። አንድ ጊዜ ትኩስ ፍግ ከመንገድ ዳር ገዝቼ ለሰላጣ ብጨምር ችግኙ በአንድ ሳምንት ጫፍ ጫፉ ተቃጥሎ ሞተብኝ። ከዚያም በላይ፣ ትኩስ ፍግ የጥገኛ ትሎችን እንቁላል ሊይዝ ስለሚችል በጥሬው ከሚበላ ቅጠል ጋር በምንም መልኩ መገናኘት የለበትም።

ብስባሹን በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። በአንድ ጆንያ ውስጥ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ዘንግ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ከአቦል እስከ በረካ የተጠራቀመ የቡና አተላ ይገባና በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ ደረቅ ቅጠል ወይም ጭድ ይነሰነስበታል። ሥጋ፣ ዘይትና ጨው የነካው ትርፍራፊ ምግብ አይገባም። በየሳምንቱ እየተገላበጠ፣ ተጨምቆ ጠብታ እንደሚሰጥ ጨርቅ ያህል እርጥበት እየተጠበቀለት ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁርና የጫካ አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። ሽታው የከፋ ከሆነ ውሃው በዝቷል ማለት ነውና ደረቅ ቅጠል ይጨመርበት።

መዝራት፣ ማዛወርና ማጠጣት

አሮጌ ዘር ከመዝራት በፊት አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ማስቀመጥ ነው። በሳምንት ውስጥ ሰባትና ከዚያ በላይ ካጎነቆሉ ዘሩ ደህና ነው። የጎመን ዘር በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል፤ የሽንኩርት ዘር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ አያስተማምንም።

ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም በችግኝ ማፍያ ተዘርተው ይዛወራሉ። ካሮትና ቀይ ስር ግን በሚያድጉበት ቦታ በቀጥታ ይዘራሉ፤ በተለይ ካሮት ተነቅሎ ሲተከል ሥሩ ይጣመማል። የካሮት ዘር እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ያህል ሊፈጅ ስለሚችልና በዚያ ጊዜ ላዩ መድረቅ ስለሌለበት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ልክ ማጎንቆል ሲጀምር አነሣዋለሁ። ከዚያም በሁለት ዘር መካከል ሦስት ጣት እስኪቀር ድረስ ማሳሳት ግድ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይራራል፤ ያልሳሳ ካሮት ግን ቅጠል እንጂ ሥር አይሆንም።

ችግኝ የሚዛወረው አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ ወደ ማታ ስትል ነው። አንድ የጎመን ችግኝ ለብቻው ቢያንስ 10 ሊትር አፈር ይፈልጋል። በተተከለ ማግስት ጠውልጎ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሦስት ቀን በጥላ ከቆየ ቀና ይላል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማጠጣቱ ራሱን የቻለ ዕቅድ ነው። አትክልት የታጠበበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅሜ ለዕቃዎቹ አውለዋለሁ፤ ሳሙናና ጨው የነካውን ግን አልጠቀምም። በበጋ ማለዳ አንድ ጊዜ ጠጥቶ እስኪፈስ ማጠጣት፣ በየሰዓቱ ጠብ ጠብ ከማድረግ ይበልጣል፤ የላዩን አፈር በጭድ መሸፈን ደግሞ ውሃውን ያቆየዋል። በክረምት የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከዓመቱ ሁሉ ብዙ ዝናብ የሚወርድባቸው ወራት ስለሆኑ፣ ዕቃዎቹን ከጣሪያ ፈሳሽ ሥር ማራቅና ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ መከታተል ይበቃል።

ቲማቲምን በክረምት በደጅ መትከል አልመክርም። እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲገናኙ ቅጠሉን በሦስትና በአራት ቀን የሚያጠቁረው በሽታ ይነሣል፤ ይህ በሽታ ድንችንም የሚያጠቃው ያው ራሱ ስለሆነ ሁለቱን አጎራብቶ መትከል ስሕተት ነው። ጥቅምት ላይ ዘርቶ በኅዳር ማብቂያ ማዛወር፣ ግድግዳ ሥር አስደግፎ ማሳደግና ከየካቲት ማብቂያ ጀምሮ መልቀም ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ግን ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣው ቲማቲም በጉሊት ስለማይጠፋ፣ ጠባብ በረንዳ ያለው ሰው ቦታውን ለቅጠል ቢሰጠው የተሻለ ይጠቀማል።

ቅጠልን አስቀድም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማዋ በአቃቂ ወንዞች ውሃ የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ የመበከል ዕድል እንዳለው በጥናት በተደጋጋሚ ታይቷል። ቅጠሉ የት እንደበቀለ ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ጀሪካን ብቻ ቦታ ያለው ሰው ካለ፣ በጥሬው የሚበላውን ሰላጣ ይዝራበት።

ተባዩና ቅንጠሳው

በበጋ የጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ እንደ አመድ የሚነሰነሰው ክሽክሽ ነው። ገና ጥቂት ሳለ በጣት ማሸትና በውሃ ማጠብ ይበቃዋል፤ ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ወደ ማታ መርጨትና በማግስቱ ማጠብ ነው። ችግኝን ከአንገቱ ቆርጦ የሚጥለው ቆራጭ ትል ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል፤ በተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ቢቆፈር ተጠቅልሎ ይገኛል። ቀንድ አውጣ በክረምት ሌሊት በባትሪ መልቀም እንጂ ሌላ መፍትሔ አላየሁለትም።

የአራት ኪሎው ጎረቤታችን እማማ በአንድ የጾም ጠዋት ጎመኔን ከነሥሩ ስነቅል አይተው «ልጄ፣ ከሥሩ አትንቀዪው፤ ከታች ከታች እየቀነጠስሽ ውሰጂ፣ አናቱን ተይለት» አሉኝ። እጃቸውን ሰድደው የታችኛውን ቅጠል በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ጫን አድርገው ወደ ጎን ሲያጥፉት ከግንዱ ያለ ቁስል ተላቀቀ። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የማደርገው። ከአንድ ተክል በአንድ ጊዜ ከሦስት ቅጠል አልወስድም፣ ከላይ ያሉትን አምስት ቅጠሎችም አልነካም፤ እንዲህ የተያዘ ጎመን ለሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይመግባል። ቆስጣም በዚሁ መንገድ ከውጭ ወደ ውስጥ ይቀነጠሳል። ሰዓቱ ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ቅጠሉ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ስለሚያድር እስከ ማታ አይጠወልግም።

ወደ ድስቱ

በቤት የበቀለ ለጋ ጎመን ከገበያው ጋር አንድ ዓይነት አሠራር አይፈልግም፤ ብዙ ሰው ጣዕሙን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን ደፍቶ መሥራት በበጋ ለጠነከረና ለመረረ ቅጠል ተገቢ ነው። ማለዳ ተቀንጥሶ ለምሳ የሚሠራ ጎመን ግን እንዲህ ሲደረግ ጣዕሙም ጥቅሙም ከውሃው ጋር አብሮ ይደፋል።

ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ጎመን፣ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል፣ ሦስት ቃሪያና አንድ የቡና ሲኒ ዘይት ይበቃል። ጎመኑ ጨው በተጨመረበት ውሃ ለአሥር ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ በቅጠሉ እጥፋት የተደበቀ ክሽክሽ ካለ ይለቅቃል። ከዚያ በሁለት ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የመሃሉ ወፍራም ዘንግ ይወጣና ቅጠሎቹ ተደራርበው፣ እንደ ሲጋራ ተጠቅልለው በቀጭኑ ይከተፋሉ። ዘንጉ አይጣልም፤ ደቀቅ ብሎ ተከትፎ ከሽንኩርቱ ጋር ይገባል።

ሽንኩርቱ በዘይቱ ውስጥ በመካከለኛ እሳት ይቁላላል፤ ለዚህ ምግብ መልኩ ወደ ቡናማ እንዲሄድ አያስፈልግም፣ ለስልሶ ሲያንጸባርቅ ይበቃዋል። የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጨመርና ሽታው ሲነሣ ጎመኑ ከእጥበቱ በቀረው ውሃ ብቻ ይገባል። ድስቱ እስከ አፉ ሞልቶ ይታያል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጨው ከዚያ በፊት መጨመር የለበትም፤ በሞላ ድስት የተመጠነ ጨው ለወረደው ይበዛል። ድስቱ ተከድኖ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ አልፎ አልፎ እየተማሰለ 20 ደቂቃ ይቆያል። ከታች መያዝ ከጀመረ ሁለት ማንኪያ የፈላ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ቃሪያው በርዝመቱ ተሰንጥቆ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ በእንፋሎቱ ብቻ ለብለብ ይልና መዓዛውን ጠብቆ ይቀርባል።

ቆስጣ ከጎመን ይልቅ ቶሎ ስለሚበስል ሰባት ደቂቃ አይፈጅም። ድንች ጋር የሚሠራ ከሆነ ድንቹ አስቀድሞ በቁሌቱ ይብሰል፤ ቆስጣው በመጨረሻ ይግባ። በተፈጥሮው ጨዋማነት ስላለው ጨው ሲጨመር መጠንቀቅ ይገባል።

የቀይ ስርን ቅጠል መጣል ትልቅ ብክነት ነው። ቀይ ስርና ቆስጣ የአንድ ተክል ሁለት ዝርያዎች በመሆናቸው ቅጠሉ እንደ ቆስጣ ይሠራል፤ ለጋው ደግሞ በጥሬው ከሰላጣ ጋር ይቀላቀላል። ሥሩን ለመቀቀል ልጣጩን ሳያነሡ፣ ከአናቱ ሁለት ጣት ያህል ግንድ ትቶ፣ የጭራውን ጫፍ ሳይቆርጡ በውሃ መጣድ ነው። የተቆረጠ ቀይ ስር መልኩን ሁሉ ለውሃው ይሰጣል። ከበሰለ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ልጣጩ በእጅ ይገፈፋል። ከድንች ጋር ሲቀርብ ድንቹ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ለየብቻ ቀቅሎ ገበታ ሲቀርብ ብቻ ያዋህድ፤ ሎሚ፣ ዘይት፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይበቃዋል።

ከግድግዳ ሥር ደግሞ የቅመም ቅጠሎች አንድ አንድ ዕቃ ቢኖራቸው ኩሽናው ሙሉ ይሆናል። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ከዘር ይልቅ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ቢተከሉ ይቀናቸዋል፤ የአንድ ጣት ርዝመት ያለው ለጋ ቅርንጫፍ የታችኛው ቅጠሉ ተነሥቶ በእርጥብ አሸዋማ አፈር ይሰካና በጥላ ይቆያል። የጥብስ ቅጠል ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ይሞታል። በሶብላ ብርድ ስለማይወድ በበልግ ዝናብ ይዘራል፤ ሲያብብ አበባው ከነቅጠሉ ተቆርጦ በጥላ ይደርቅና ለበርበሬና ለሽሮ ይቀመጣል።

ገና ሲደርስ ከነቢያት ጾም የተረፈው ጎመን ለጎመን ክትፎ ይሆናል። ለዚህኛው ቅጠሉ መቀቀልና መጨመቅ አለበት፤ ውሃ የያዘ ጎመን ቅቤውን አይቀበልም። ከተጨመቀ በኋላ እንደ ክትፎ ሥጋ እስኪደቅ ይከተፋል፤ በለብታ ንጥር ቅቤ፣ በኮረሪማ፣ በጥቂት ሚጥሚጣና በጨው ይታሻል፤ ከአይብ ጋር ይቀርባል። ቅቤው በራስ ኮሰረት የተነጠረ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ክዳኑ ሲነሣ ጀምሮ ይታወቃል።

ለዘር የሚተወው

ከጎመኖቹ መካከል ለማበብ የዘገየውን፣ ቅጠሉ የበዛውንና ክሽክሽ ያልደፈረውን አንዱን መርጬ በሁዳዴ ማብቂያ ሰሞን ቅንጠሳውን አቆምለታለሁ። ግንዱ ይወጣል፣ ቢጫ አበባ ያብባል፣ ዘሩን የያዘው ቀጭን ቆቡ ቀስ በቀስ ከአረንጓዴ ወደ ገለባ መልክ ይለወጣል። ቆቡ በጣት ሲነካ መንኮሽኮሽ እንደጀመረ፣ የክረምቱ ዝናብ ሳይደርስበት ግንዱ ተቆርጦ አናቱ ወደ ታች ሆኖ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ይሰቀላል። ሲደርቅ በእጅ ይታሽና በሰፌድ ይነፋል፤ ከአንድ ተክል የሚገኘው ለበረንዳ ለብዙ ዙር ይበቃል።

ግማሹን ቀኑን ጽፌበት በደረቅ ብልቃጥ ለጳጉሜን አስቀምጣለሁ። ግማሹን አድቅቄ በጨርቅ እቋጥረውና ከምጣዱ አጠገብ አኖረዋለሁ፤ እንጀራ በምጋግርበት ቀን ምጣዱ ሲግል ጥቂት ነስንሼ በማሰሻው ሳሸው ጥቁሩ ሸክላ ወዝ ያወጣል፣ የመጀመሪያውም እንጀራ ሳይዝ ይነሣል።